ጻፍልኝ!

«ዋጋ በኢሜይል አንናገርም፤ ብቅ በልና ቡና እየጠጣን እንጨርሳለን።»

«ቡናዬን ጠጥቻለሁ። የቀረኝ ዋጋው ነው፤ እሱን ጻፍልኝ።»

እንዲህ ብዬ የመለስኩት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከቤቴ ሳልወጣ ነው። በዚያ ሳምንት ለስምንት የቶዮታ ዲለሮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ልኬ ነበር። አራቱ ቀኑ ሳይመሽ ሙሉ ዋጋ ጻፉልኝ። ሦስቱ «ደውልልን» አሉ። አንዱ ቡና ጋበዘኝ። ዛሬ የምጽፈው እዚሁ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ አዲስ መኪና ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ላላችሁ ወገኖቼ ነው። ሻጩ የሚለው ነገር ከዲለር ዲለር ብዙ አይለያይም፤ ቃል በቃል የታወቀ ነው። መልሱም አብሮ ይታወቅ።

መጀመሪያ ግን የድሮውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ አዲስ መኪናዬን የገዛሁት ቅዳሜ ዕለት ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ገብቼ ማታ ሁለት ሰዓት ወጣሁ። ሻጩ አሮጌ መኪናዬን «እናስገምታት» ብሎ ቁልፌን ወሰደ። ከዚያ ነጭ ወረቀት አወጣና በወፍራም ጥቁር ማርከር አንዴ ቁልቁል፣ አንዴ አግድም አሰመረበት። አራት ክፍል ሆነ። አንዱ ላይ የአዲሱን መኪና ዋጋ፣ ሌላው ላይ የአሮጌዋን ግምት፣ ሦስተኛው ላይ ዳውን ፔይመንት፣ አራተኛው ላይ የወር ክፍያ ጻፈ። ዋጋው ይቀነስልኝ ስል ዋጋውን ቀነሰና የአሮጌዋን ግምት አወረደ። ግምቱ አነሰ ስል ግምቱን ከፍ አደረገና ወሩን አበዛ። በየመሀሉ «ማናጀሬን ላነጋግር» ብሎ ይነሣል፤ በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱ ሲያወሩ ይታዩኛል፤ ሲመለስ ማርከሩ እጁ ላይ ነው። ወረቀቱ ቁጥር በቁጥር ላይ ተደራርቦበት ጠቆረ። ልጄ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ትቼ ልሂድ ብል እንኳ ቁልፌ እነሱ ዘንድ ነው። በመጨረሻ ፈረምኩ። ምን ያህል እንደከፈልኩ በትክክል ያወቅሁት በማግሥቱ እሑድ፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ ስደምር ነው።

ያ ባለ አራት ክፍል ወረቀት በሙያው ፎር ስኩዌር ይባላል። ሻጮች የሚሠለጥኑበት የታወቀ ዘዴ ነው። ገዢው በአንዱ ክፍል ያተረፈ ሲመስለው ሻጩ ያቺን ትርፍ በሌላው ክፍል መልሶ ይወስዳታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ።

እኛ ክርክር የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። እናቶቻችን ሽሮ ሜዳ ነጠላ ሲገዙ ያየ ሰው ያውቃል፦ ጨርቁን ዳብሰው፣ ዋጋ ጠርተው፣ ጥለው ሁለት እርምጃ ሲራመዱ «እትዬ፣ ይምጡ እሺ ይውሰዱት» ተብለው ይጠራሉ። ያ ክርክር የሚሠራው ግን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሚከራከሩበት ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ የነጠላው ዋጋ። ሁለተኛ፣ ያው ነጠላ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ተሰቅሎ ይታያል። ዲለር ቤት ሁለቱም የሉም። ቁጥሩ አራት ነው፤ ቀጣዩ ሱቅ ደግሞ ሃያ ማይል ርቆ ነው።

በኢሜይል የተጻፈ ዋጋ ሁለቱንም ይመልስልናል። ስምንቱን ዲለር እንደ ሽሮ ሜዳ ሱቆች ጎን ለጎን ያቆማቸዋል፤ አራቱንም ቁጥር ወደ አንድ ያመጣቸዋል። ነገሩ ለእኛ አዲስ እንኳ አይደለም። አገር ቤት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ» ሲባል ሰምቶ አድጓል። ለቢሮ ወንበርና ለወረቀት ሦስት ፕሮፎርማ ስንሰበስብ ኖረን፣ በሕይወታችን ከቤት ቀጥሎ ውድ የሆነውን ዕቃ በአንድ ሻጭ ቃል መግዛት የለብንም።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚህ አገር በአብዛኛው ስቴት ሕጉ ዲለር ያላቸው የመኪና ፋብሪካዎች ለሸማቹ በቀጥታ እንዳይሸጡ ያግዳል። ስለዚህ ከፌርፋክስ እስከ ባልቲሞር ያሉት የቶዮታ ዲለሮች ስማቸው አንድ ይምሰል እንጂ ሁሉም የአንድ ባለቤት አይደሉም። አንድ ዓይነት ሞዴል፣ አንድ ዓይነት ትሪም (የሞዴሉ ደረጃ)፣ አንድ ዓይነት ዋራንቲ ይሸጣሉ። የሚለያዩት በዋጋ ነው። ይህን እነሱ ጠንቅቀው ያውቃሉ። እኛም ማወቃችንን ማሳየት አለብን።

ደብዳቤዬ ስድስት መስመር ነበረች። የምፈልገው ዓመት፣ ሞዴልና ትሪም ይህ ነው። ከእነዚህ ሁለት ቀለሞች አንዱ ይሁን። በዚህ ሳምንት እገዛለሁ። የማስመዘግበው ቨርጂኒያ ነው። ታክስ፣ ታርጋ፣ ዶክ ፊና ሌላ ማናቸውም ክፍያ ያለበትን አውት ዘ ዶር ዋጋ በዝርዝር፣ ከመኪናው ቪን ቁጥር ጋር ጻፉልኝ። መልሱ በኢሜይል ይሁን። በቃ። የተላከችው በየዲለሩ «ኢንተርኔት ሴልስ ማናጀር» ለሚባለው ሰው ነው። ለዚሁ ሥራ ብቻ አዲስ የኢሜይል አድራሻ ከፈትኩ፤ ስልክ ቁጥሬን አልጻፍኩም። ስልክ የሰጠ ሰው ሥራ ላይም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶ ቤትም ሲጠራበት ይከርማል። መኪናውን ነድቼ ያየሁት ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ምንም ሳልፈርም ነው።

አውት ዘ ዶር የምትለዋን ሦስት ቃል በቃላችሁ ያዟት። ከበር እስክትወጡ ድረስ ከኪሳችሁ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ማለት ነው። እሷን ካልጠየቃችሁ የሚላክላችሁ ዋጋ ቆንጆ ይሆንና፣ ስትሄዱ ሌላ ዋጋ ይቆያችኋል። ቪን ቁጥሩም እንዲሁ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ የአንድ መኪና ብቻ መታወቂያ ነው። ቪን የሌለው ዋጋ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስትደርሱ «እሷ ትናንት ተሸጠች፣ ይቺ ግን…» ይላችኋል።

እንግዲህ መልሶቹ መምጣት ሲጀምሩ ምላስ መሳል ያስፈልጋል።

«በወር ስንት ብትከፍል ይመችሃል?»

«መኪናውን በወር ቆርሰህ አትሸጥልኝም። ጠቅላላውን ጻፍልኝ፤ በወር ማካፈሉን እኔ እችላለሁ።»

ይህ ጥያቄ የጥያቄዎች ሁሉ እናት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። 35,000 ዶላር በ6 በመቶ ወለድ ለ60 ወር ብትበደሩ በወር 677 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ። ያንኑ ገንዘብ በ84 ወር ሲያደርግላችሁ በወር 511 ይሆናል። 511 ጆሮ ላይ ደስ ይላል። ሻጩም «አየህ፣ 166 ዶላር ቀነስኩልህ» ይላል። የቀነሰላችሁ ነገር የለም፤ ሁለት ዓመት ጨመረባችሁ፤ በመጨረሻ ከ2,300 ዶላር በላይ የበለጠ ከፍላችኋል። መኪናውም ሰባት ዓመት ሙሉ የባንኩ መያዣ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። በወር ክፍያ የሚነጋገር ሰው ዋጋውን፣ ወለዱንና ዓመቱን በአንድ ላይ አሳልፎ ሰጥቷል።

«ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው።»

«ዛሬ የሚያዋጣህ ነገ ለምን ያከስርሃል? መኪና እንጀራ አይደለም፣ አይሻግትም።»

«ሌላ ሰው ሊወስደው ከመንገድ ላይ ነው።»

«መልካም መንገድ ይሁንለት። ፋብሪካው ግን አልተዘጋም።»

እዚህ ላይ ቀን መምረጥ ዋጋ እንዳለው ልናገር። ዲለሮች በወር የሸጡት ብዛት ታይቶ ከፋብሪካው ጉርሻ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ መኪና የጎደለው ማናጀር፣ ወሩ ሲጀምር ያልጻፈውን ዋጋ ሊጽፍ ይችላል። ቸኳዩ እሱ በሆነበት ቀን ደብዳቤያችሁ ትድረሰው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እናንተ አትቸኩሉ።

«በኢንቮይስ ነው የምሰጥህ። ሳንቲም አላተርፍም።»

«ሳታተርፍ የምትሸጥልኝ ዘመዴ አይደለህም፤ ትርፍህን አልከለክልህም። ግን ከስምንቱ ያነሰው የማን እንደሆነ ወረቀቱ ይንገረኝ።»

ኢንቮይስ የሚባለው ዲለሩ ለፋብሪካው የሚከፍለው ተብሎ የተጻፈ ዋጋ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ግን መኪናው ከተሸጠ በኋላ ሆልድባክ የሚሉትን፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ለዲለሩ ይመልሱለታል። ስለዚህ በኢንቮይስ ሸጦም ባዶ እጁን አይቀርም። ይህን ካወቃችሁ ወዲያ በኢንቮይስ አትጨቃጨቁ። እሱ ምን ከፈለ የሚለው ሳይሆን እናንተ ምን ትከፍላላችሁ የሚለው ነው የእናንተ ጉዳይ።

መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውንም ወረቀት ማንበብ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣ ሕግ አዲስ መኪና ሁሉ የፋብሪካውን የችርቻሮ ዋጋ፣ የተገጠሙለትን ተጨማሪ ዕቃዎችና የማጓጓዣውን ክፍያ የሚዘረዝር ወረቀት መስታወቱ ላይ ሊኖረው ግድ ነው። ሕጉን ያመጣው የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ መንሮኒ ስለሆነ ወረቀቱም በስሙ መንሮኒ ስቲከር ተብሏል። እሱን እመኑት። ከጎኑ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ወረቀት አለ፤ ጠበብ ያለ፣ ቀለሙና ፊደሉ ያንኑ እንዲመስል የተደረገ። እሱ የዲለሩ ነው። በላዩ የተጻፈው፦ የቀለም መከላከያ፣ የወንበር ጨርቅ መከላከያ፣ በመስታወቱ ላይ ቪን ቁጥር መቅረጽ፣ ጎማ ውስጥ ናይትሮጅን። በ2021 የቺፕ እጥረት ጊዜ ደግሞ «ማርኬት አጀስትመንት» የምትል መስመር ገባችና በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተጨመረባት። ዕቃ አይደለችም፣ አገልግሎትም አይደለችም፤ ባዶ መስመር ናት።

«ጎማህ ናይትሮጅን ተሞልቷል፤ 199 ዶላር ነው።»

«የምተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ እስካሁን ማንም አላስከፈለኝም።»

«ተገጥሟል እኮ፤ አሁን ማውጣት አይቻልም።»

«ከጎማው አታውጣው፤ ከወረቀቱ አውጣው።»

ዶክ ፊ የሚሉት የወረቀት ሥራ ክፍያ ሌላው ነው። ስቴቱ የሚያስከፍለው እንዳይመስላችሁ፤ የዲለሩ ነው። ኒው ዮርክ 175 ዶላር ላይ ገድባዋለች። ሜሪላንድም ገደብ አላት። ቨርጂኒያ ግን ገደብ የላትም፤ ሺህ ዶላር የሚጠጋ የሚጠይቁ ዲለሮች አሉ።

«ዶክ ፊ ለሁሉም እኩል ነው፤ ልቀንሰው አልችልም።»

«አትቀንሰው። ያንኑ ያህል ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንስልኝ፤ ለኔ ከየትኛው መስመር እንደወጣ ለውጥ የለውም።»

አውት ዘ ዶር የምንለው ለዚህ ነው። አንዱ ዲለር ዶክ ፊ 200 ብሎ መኪናውን ያስወድደዋል፤ ሌላው ዶክ ፊ 900 ብሎ መኪናውን ያረክሰዋል። የታችኛውን መስመር ብቻ አስተያዩ። ታክሱም አያደናግራችሁ፤ የሚከፈለው መኪናው ለሚመዘገብበት ስቴት ነው። ሜሪላንድ ሄዳችሁ ገዝታችሁ ቨርጂኒያ ብታስመዘግቡ የምትከፍሉት የቨርጂኒያን 4.15 በመቶ ነው። ስለዚህ «እዚያ ታክሱ ይበዛል» ብላችሁ ድንበሩን መፍራት የለባችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

«ከየት ነህ? አክሰንትህ ደስ ይላል።»

«ከአሌክሳንድሪያ። ዋጋውን ጻፍልኝ።»

ሰው አገር መጠየቅ ነውር የለውም፤ በሌላ ቦታ ብጠየቅ ስለ አገሬ ቀኑን ሙሉ ባወራ ደስ ይለኛል። ዲለር ቤት ግን ያቺ ጥያቄ ዋጋ ታስከፍላለች። በ1991 የሕግ ምሁሩ ኢያን ኤይርስ በሃርቫርድ ሎው ሪቪው ያሳተመው ጥናት አለ። ቺካጎ ውስጥ ነጭና ጥቁር፣ ወንድና ሴት ገዢዎች አንድ ዓይነት አለባበስና አንድ ዓይነት የድርድር ንግግር ተምረው ወደ ዲለሮች ተላኩ። ዝቅተኛው ዋጋ ለነጭ ወንዶቹ ተሰጠ፤ ለጥቁሮቹ ከፍ ያለ ተጠራ። ንግግሩ አንድ፣ መኪናው አንድ፤ ልዩነቱ ፊት ነው።

በ2003 ደግሞ ፊዮና ስኮት ሞርተን፣ ፍሎሪያን ዜትልማየርና ሆርሄ ሲልቫ ሪሶ የሚባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ የተሸጡ መኪናዎችን መዝገብ መረመሩ። ዲለር ቤት ሄደው የገዙ ጥቁርና ሂስፓኒክ ሸማቾች ከነጮቹ 2 በመቶ ገደማ በላይ ከፍለዋል። በኢንተርኔት ዋጋ ጠይቀው የገዙት ግን ከነጮቹ ጋር እኩል ሊባል በሚችል ዋጋ ገዝተዋል። ይህን ሳነብ ያቺ ማርከር የያዘች እጅ ትዝ አለችኝ። 2 በመቶ ማለት በ35,000 ዶላር መኪና ላይ 700 ዶላር ነው፤ ለአንድ ታክሲ ነጂ የስንት ሌሊት ድካም ነው! ያ ገንዘብ የሚወሰደው ስንፍና ስላለብን አይደለም። መልካችንና አነጋገራችን ዋጋ ስለተለጠፈባቸው ነው። ኢሜይል መልክ የለውም። ወረቀት አክሰንት የለውም። እንግሊዝኛችን ሲሰናከል ሻጩ የሚሰማበት ዕድል የለውም፤ እኛም ቃል እስክናገኝ ድረስ መሀል ላይ አያቋርጠንም።

ደግሞ የአገራችን ልጅ የሆነ ሻጭ አለ። ይህን በጥንቃቄ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ እንጀራቸውን በእውነት የሚበሉ ልጆች ናቸው። «ደውልልን» ካሉኝ ከሦስቱ አንዱ በስሜ አውቆኝ በአማርኛ ጻፈልኝና ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ እኔ እያለሁ ምን አስጨነቀዎት? ይምጡ ብቻ። እኔ እንደ አባቴ ነው የማይዎት።»

«እንደ አባትህ ካየኸኝ፣ ልጄ፣ ለአባትህ የምትጽፈውን ጻፍልኝ።»

«ጋሼ፣ በኛ መካከል ወረቀት ያስፈልጋል እንዴ?»

«በኛ መካከል አያስፈልግም። በአለቃህና በኔ መካከል ግን ያስፈልጋል። አንተ ነገ ሌላ ሥራ ብታገኝ እኔ በማን ቃል እመጣለሁ?»

ጥቂት ዝም አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሙሉው ዝርዝር፣ እስከ ታርጋው ድረስ፣ ኢሜይሌ ውስጥ ገባ። ከደረሱኝ ዋጋዎች ሁሉ ዝቅተኛው የሱ ነበረ፤ የገዛሁትም ከሱ ነው። በኋላ ቁልፉን ሲሰጠኝ የነገረኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ ዋጋውን የምቆርጠው እኔ አይደለሁም፤ ማናጀሩ ነው። እርስዎ በጽሑፍ ሲጠይቁ እኔም ለማናጀሩ የማሳየው ነገር አገኘሁ» አለኝ። የአገር ልጅነት በወረቀት አይፈርስም። የሚፈርሰው ያለ ወረቀት ተገዝቶ በኋላ «አስበላኝ» ሲባባሉ ነው። ሰንበቴ ላይ ሰላምታ የተነፋፈጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ በመካከላቸው ያለችው አንዲት መኪና ናት።

ዋጋ ስታወዳድሩ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ያላገኛችሁትን ዋጋ አግኝተናል አትበሉ። ሁለተኛው ዲለር «አሳየኝ» ይላል፤ ማሳየት ካልቻላችሁ ቃላችሁ ሁሉ ወደቀ። እውነተኛውን ዝቅተኛ ዋጋ ያዙና «ይህን አግኝቻለሁ፤ ብትቀንስ ካንተ እገዛለሁ» በሉ፤ ከቀነሰ ደግሞ ግዙ። ሰውን አድክሞ መጥፋት እኛንም ያስንቀናል፤ ከኋላችን ለሚመጣው ወገንም መንገድ ያበላሻል።

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ሥራው ያለቀ እንዳይመስላችሁ። የመጨረሻው በር ፋይናንስ ኦፊስ ነው። ወንበሩ ይመቻል፤ ውኃ ይቀርብላችኋል፤ ደክሟችኋል። እዚያ የሚሸጠው ወለድ ነው።

«ባንኩ ያጸደቀልህ 8 በመቶ ነው።»

«ባንኩ ላንተ የሰጠህ ስንት ነው? የኔ ክሬዲት ዩኒየን 6 ብሎ ጽፎልኛል፤ ይኸው ወረቀቱ።»

ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ጋ ነው። ዲለሩ ብድሩን ከባንክ ሲያመጣ ባንኩ ለዲለሩ አንድ የወለድ ልክ ይነግረዋል፤ ዲለሩ ከላይ ጨምሮ ለእናንተ ሊነግር ይችላል፤ ከጭማሪውም ድርሻ ያገኛል። በዚያው 35,000 ዶላር፣ በ60 ወር፣ ከ6 ወደ 8 በመቶ ቢወጣ በወር 33 ዶላር ነው፤ ሲደመር ወደ 2,000 ዶላር። በስምንት ኢሜይል የዳነው ገንዘብ በአንድ ፊርማ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ጭማሪውም ለሁሉም እኩል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 አላይ የተባለው ትልቅ የመኪና ብድር ኩባንያ 98 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከመንግሥት ጋር ተስማምቷል፤ የቀረበበት ክስ ከ235,000 በላይ ጥቁር፣ ሂስፓኒክና እስያዊ ተበዳሪዎች ከነጮቹ የበለጠ የወለድ ጭማሪ ተጭኖባቸዋል የሚል ነበር። ስለዚህ ለብድሩም ፕሮፎርማ ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ክሬዲት ዩኒየን ወይም ባንክ አስጸድቁ። ፋብሪካው ራሱ ከዚያ ያነሰ ወለድ ካቀረበ ደስ ብሏችሁ የሱን ውሰዱ።

አሮጌ መኪና ካላችሁ ለብቻዋ አስገምቷት፤ ያገለገሉ መኪናዎችን የሚገዛው ካርማክስ የሚሰጠው ግምት ለሰባት ቀን ይጸናል፤ ያን በጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ። የአዲሱ ዋጋ በጽሑፍ ሳይዘጋ ስለ አሮጌዋ አንድ ቃል አትተንፍሱ፤ ቁልፏም ከእጃችሁ አይውጣ።

«ኤክስቴንድድ ዋራንቲ ካልገዛህ ብድሩ አይጸድቅም።»

«ባንኩ እንዲህ ያለበትን ወረቀት አሳየኝ።»

«ዘይት ሌላ ቦታ ካስቀየርክ ዋራንቲህ ይቃጠላል።»

«በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋራንቲ ሕግ እንዲህ አይልም። ደረሰኝ እይዛለሁ፤ ሠፈሬ ያለው ጋራዥ ይቀይርልኛል።»

«ፈርም ግድ የለም፤ ካልወደድከው በሦስት ቀን ውስጥ ትመልሳለህ።»

«ውሉ ላይ ጻፍልኝ።»

ይህችኛዋን በተለይ ልብ በሉ፤ በየቡናው ሲወራባት እሰማለሁና። የሦስት ቀን መመለሻ የሚባለው የፌዴራል ደንብ ቤት ለቤት እየዞሩ ለሚሸጡ ነገሮች የወጣ ነው፤ ዲለር ቤት ሄዳችሁ የገዛችሁትን መኪና አይመለከትም። ውሉ ላይ ካልተጻፈ በስተቀር ስትፈርሙ መኪናው የእናንተ ነው። አባቶች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ያስጻፍነውን ይይዝልናል፤ የፈረምነውንም ይይዝብናል።

በዚያ ሳምንት ከመጡልኝ ዋጋዎች በትልቁና በትንሹ መካከል የነበረው ልዩነት ከ2,000 ዶላር በላይ ነው፤ ለአንድ ዓይነት መኪና፣ ለአንድ ዓይነት ትሪም። ልወስዳት የሄድኩት ማናጀሩ የፈረመበትን፣ ቪኑ ያለበትን የሽያጭ ወረቀት በኢሜይል ከተቀበልኩ በኋላ ነው። አስፋልቱ ላይ ቆሜ ቪኑን ከመስታወቱ ሥር ካለው ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። ከገባሁ እስክወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ።

በየሠፈራችን ግን ኢሜይል መጻፍ የማይችሉ አሉ። ጧት ሆቴል አፅድተው ማታ ልጅ የሚጠብቁ እናቶች፣ እንግሊዝኛው የሚያስፈራቸው አባቶች፣ ትናንት በዲቪ የገቡ ወንድሞች አሉ። ዲለር ቤት ቅዳሜ ጠዋት ብቻቸውን የሚገቡት እነሱ ናቸው። ኮሌጅ ያላችሁ ልጆች፣ ቢሮ የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ስትወጡ «እትዬ፣ መኪና ሊገዙ ነው አሉ፤ እኔ ልጻፍልዎት» በሏቸው። ደብዳቤዋ ስድስት መስመር ናት፤ ለመላክም ምንም አይከፈልባትም።